ከባሕር ዳር ላሊበላ በአውሮፕላን፦ ርቀቱ ስንት ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

የሽምብጧ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? እናቴ ዘንድሮ ገናን ላሊበላ ላክብር ብላለች። «ቤዛ ኩሉን በጆሮዬ ሳልሰማ እንዳልሞት» ትላለች። እሽ ብያታለሁ። ችግሩ ጉልበቷ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ትንሽ ከቆየች እግሯ አልታዘዝ ይላታል። ስትወርድ ግራና ቀኝ ይዘን ነው የምናቆማት። ስለዚህ በአውሮፕላን ልውሰዳት ብዬ ማየት ጀመርኩ፤ ጭራሽ ግራ ገባኝ።

አንዱ ድረ ገጽ ከባሕር ዳር ላሊበላ 185 ኪሎ ሜትር ነው፣ በረራውም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው ይላል። ቲኬት መፈለጊያው ላይ ቀኑን ሳስገባ ግን በአዲስ አበባ በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ያሳየኛል። መናኸሪያ የጠየቅኩት ሰው ደግሞ በመኪና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው አለኝ። ሦስቱም ስለ አንድ መንገድ ነው የሚያወሩት? የትኛውን ይዤ ላስላ? እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት አለባት። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የካርታ_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

እህቴ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው። የሚለኩት ነገር ነው የሚለያየው።

185ቱ ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው በአየር ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረው መስመር ነው። ራስሽ ልታሰይው ትችያለሽ። (እዚህ ደቂቃ የምለው የሰዓቱን አይደለም፤ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ክፍል ነው።) የእኛው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው። የላሊበላው 11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው። ወደ ሰሜን ያለው ልዩነት 22 ደቂቃ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ነው፣ ማለትም 1,852 ሜትር። ወደ ምሥራቅ ያለው ልዩነት 100 ደቂቃ ነው። የምሥራቁ ደቂቃ እኛ ባለንበት ኬክሮስ ትንሽ ስለሚጠብ 98 የባሕር ማይል ይሆናል። ከዚያ ትምህርት ቤት የተማርነውን የፓይታጎረስ ደንብ አምጪ። 100 የባሕር ማይል ገደማ ይወጣል፤ በኪሎ ሜትር 185 ነው።

ግማሽ ሰዓቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአገር ውስጥ መስመር ላይ በብዛት የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። ሲከንፍ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት ብቻ ቢሰላ 185 ኪሎ ሜትር በ17 ደቂቃ ያልቅ ነበር። ነገር ግን አጭር በረራ ላይ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ይነሳል፣ ይወጣል፣ ትንሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወዲያው መውረድ ይጀምራል። ዝቅ ብሎ ሲበር ደግሞ ፍጥነቱ የተገደበ ነው። ስለዚህ በአየር ላይ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ከዚያም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ ሌላው ጋ እስኪቆም ድረስ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። እነዚያ የርቀት ማስያ ድረ ገጾች ሁለት ነጥብ ሰጥተሽ መስመር ያሰምሩልሻል። በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር አይጠይቁም። አንቺ ባየሽበት ቀን ቀጥታ በረራ ከሌለ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ባሕር ዳር አዲስ አበባ 333 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ላሊበላ 332 ኪሎ ሜትር። ድምር 665። ከቀጥታው ሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል።

ሾፌሩ_ከወረታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ለ185 ኪሎ ሜትር 665 ኪሎ ሜትር ማብረር ምን ይሉታል? እህቴ፣ በኔ ይሁንብሽ ጥሩ መኪና ያዢ። መንገዱ ከባሕር ዳር ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ንፋስ መውጫ፣ ጋሸና ነው። ጋሸና ላይ ወደ ግራ ትታጠፊና 64 ኪሎ ሜትር ላሊበላ። በድምሩ 310 አካባቢ ይመጣል። ሰላም ከሆነ በሰባት ሰዓት ጉዞ እንገባለን። እማማን የፊት ወንበር ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ፣ ወንበሩን ታጋድሚላቸዋለሽ፣ በየከተማው ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ። ደብረ ታቦር ቡና፣ ንፋስ መውጫ ምሳ። አውሮፕላን ላይ ማን እንዲህ ያቆምላቸዋል?

ሮሃ_ላስታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

ሾፌሩ ወንድሜ፣ የነገርካት መንገድ ልክ ነው። «ሰላም ከሆነ» ያልካት ግን ትልቅ ነገር ናት። እኛ ላሊበላ ያለን ሰዎች እንግዳ ስንጠብቅ ስንት ጊዜ መንገድ ተዘጋ ሲባል እንደሰማን እናውቃለን። ለጎረምሳ ተመልሶ ማደር ምንም አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሱ ማለት ይከብዳል። መኪናውን ከመረጣችሁ እንኳ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ጠዋት ጠይቁ። የትናንቱ ወሬ አይበቃም።

የሽምብጧ፣ እንኳን በደህና መጡልን በይልኝ። እኔ የምነግርሽ ካረፋችሁ በኋላ ስላለው ነው። አውሮፕላን ማረፊያችን ከተማው ውስጥ አይደለም። ታች ሜዳው ላይ ነው፣ 1,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ከተማው ግን ከላይ፣ ተራራው ጉያ ውስጥ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በመሃል ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር አቀበት አለ። የሆቴል ሚኒባሶች አውሮፕላን ሲያርፍ ይጠብቃሉ። በገና ሰሞን ግን መንገዱ በእግር በሚመጣ ምዕመን ይሞላል፤ ከራያ፣ ከዋግ፣ ከጎጃም ሳይቀር ቀናት ተጉዘው የሚመጡ አሉ። መኪናው በእነሱ መሃል ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብለሽ አትናቂው።

አዘዞ_ሰፈር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ይቅርታ ጥያቄዋን ላቋርጥ አይደለም፣ ግን የካርታ ልጅ፣ ከባሕር ዳር ጎንደርንም አስላልን እስቲ። በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ነው የምንለው። እህቴ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፣ ሁልጊዜ የምንከራከርበት ነገር ነው።

የካርታ_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:18

የጎንደሩ ይቀላል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ማረፊያዎች አንዱ ካንዱ በስተ ሰሜን ናቸው ማለት ይቻላል። የአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ሰሜን ላይ ነው። ከዚያ ላይ የባሕር ዳሩን 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ቀንስ፣ 55 ደቂቃ። 55 የባሕር ማይል፣ 102 ኪሎ ሜትር። በቃ።

መኪናው 180 የሚሆነው ሐይቁ መሃል ላይ ስለተኛ ነው። አስፋልቱ በምሥራቅ በኩል በወረታና በአዲስ ዘመን ይዞራል። በአየር ቢሆን ግን ከመነሳትህ ውኃ ላይ ነህ። በግራ መስኮት የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የዘጌን ጫካ ያያል፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወደ ሐይቁ ገብቶ። ቀጥሎ ዳጋ ሾጠጥ ብላ ትወጣለች። ከኋላዋ ደቅ ዝርግ ብላ ተኝታለች፣ እርሻዋ ሳይቀር ይለያል። ወደ መጨረሻው ጎርጎራ። በቀኝ መስኮት ደግሞ የደራና የፎገራ ሜዳ ነው፣ የጉማራና የርብ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገቡ ውኃውን ቡናማ ሲያደርጉት ይታያል። በክረምት በተለይ። በአየር ላይ ሃያ ደቂቃ ምናምን ነው፣ ብዙም ከፍ ሳይል ነው የሚያልቀው።

ከባሕር ዳር ላሊበላ ቀጥታ በሚኬድበት ጊዜ ደግሞ ደብረ ታቦር በግራ፣ ጉና በቀኝ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። መስመሩ ከተራራው ጫፍ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። አውሮፕላኑ ጉዞው አጭር ነው ብሎ ዝቅ ማለት የማይችለው ለዚህ ነው።

የድሮ_መርከበኛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሰማሁና ደስ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ጣና ላይ ነው ያሳለፍኩት። መርከባችን ከባሕር ዳር ተነስታ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ እያለች ጎርጎራ ትገባ ነበር። ሌሊቱ መንገድ ላይ ነው የሚያልፈው። እህል፣ ፍየል፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ ሁሉ አብሮ ይጫን ነበር። አሁን ያንኑ ውኃ በሃያ ደቂቃ ትሻገራላችሁ።

አየር መንገዱም ያኔ እንዲህ አልነበረም። አገር ውስጥ ዳኮታ ነበር የሚበረው። አዲስ አበባ ሳይመለስ ከአንዱ ትንሽ ሜዳ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ እንደ አውቶቡስ ሰው እያወረደ ሰው እየጫነ። ኋላም ቱሪስት ሲበዛ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም የሚባለው መስመር ነበር። አንዱን ከተማ አይቶ በማግስቱ ወደሚቀጥለው። ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ላሊበላ በአየር ጎረቤት የሆነችው ያኔ ነው። ያ መስመር ቢጠናከር እኔ በበኩሌ ደስታዬ ነው። ባሕር ዳርንና ላሊበላን የሚያገናኝ ሰው ቱሪስት ብቻ አይደለም። ይቺን ልጅ እዩዋት።

ልጄ፣ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ዓመት ካለፈ ዓመት አይመለስም።

የሽምብጧ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም። የካርታ ልጅ፣ ያሰላኸውን ለእናቴ አነበብኩላት፤ «አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ነው እንዴ የምንመለሰው?» ብላ ተገረመች።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጎረቤታችን እዚህ ባሕር ዳር ወፍ ስለጣለው አውሮፕላን ነገረቻት። እናቴ ሌሊቱን ስታስብ አደረች። እውነት ነው ወይ? ምን ልበላት?

ነርስ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:55

እውነት ነው፤ ውሸት ነው ብለሽ አትዋሻት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ወደ አስመራ የሚሄድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የእርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ላይ ነው የገባው። ተመልሶ ለማረፍ ሞክሮ አልሆነም፣ ሜዳ ላይ በሆዱ ወደቀ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር። የባሕር ዳር ሰው ዛሬም ያስታውሰዋል፣ ጎረቤትሽም ከልቧ ነው የተናገረችው።

እኔ ለእናቴ ቢሆን የምላት ይህን ነው፦ ያ ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ከዚህች ከተማ በየቀኑ አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ እያየን ነው የኖርነው። ፍርሃቷን አትናቂባት። ከጎኗ ሁኚ፣ ሲነሳ እጇን ያዢ። ከባዱ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ደም ግፊቷ በመድኃኒት የተያዘ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አጭር በረራ አይከለከልም፤ ግን ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ሐኪሟ ይያት። ልኬቷ ካልተረጋጋ፣ ደረቷን የሚያማት ከሆነ ወይም በቅርቡ ሆስፒታል ተኝታ ከነበረ ግን እሱ ሳይፈቅድ አትነሺ። መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ ያዢ፣ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አትክተቺ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ የደም ግፊት ኪኒን አይዘገይም። የጠዋቱን ኪኒን በሰዓቱ ትውሰድ፣ ለጉዞ ብላ አትዝለል። ጾም ስለሆነ ውኃ እንዳታጎድልባት። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮዋ ይደፈናል። ሲጀምር ቀስቅሻት፣ ምራቋን እየዋጠች ወይም የሆነ ነገር እያኘከች ትውረድ።

ስለ ከፍታው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ካቢኑ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ ያለውን ያህል እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የተሠራው። ላሊበላ ከተማ ራሷ 2,500 ሜትር ላይ ናት ብለዋል ሮሃ ላስታ። እናትሽ አውሮፕላኑ ውስጥ የምትተነፍሰው አየር ላሊበላ ከምትተነፍሰው አይቀጥንም ማለት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ነው። ስለዚህ የሚያደክማት በረራው ሳይሆን ከደረሰች በኋላ ያለው አቀበትና ደረጃ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ትረፍ።

ሮሃ_ላስታ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:20

ነርሷ እንዳለችው ነው። ከገና ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። አንዱ ለዕረፍት፣ አንዱ በረራው በአየር ጠባይ ቢዘገይ መጠባበቂያ። ቤዛ ኩሉ የሚባለው በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ነው፤ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ይቀባበሉታል። ቦታ የሚያዘው ሌሊት ነው። ለእማማ ከታች ከግርግሩ መሃል አይሆንም። ቀደም ብላችሁ ከላይ ከዳር በኩል በርጩማ ይዛችሁ ተቀመጡ። ድምፁ ከዚያም ጥርት ብሎ ይሰማል።

ቲኬት_ቤት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

እኔ የጉዞ ወኪል ቤት ነው የምሠራው፣ በየሳምንቱ የሚገጥመኝን ልንገርሽ። ሰው ርቀቱን አስልቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ በረራው የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 07:10 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1:10 ነው። 13:20 ካለ ከቀኑ 7:20። አንድ አባት 07:10 የሚለውን አይተው ከሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምሳ በልተው መጡ። አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ቲኬቱ በእጅሽ እንደገባ ከጎኑ በእስክሪብቶ በእኛ ሰዓት ጻፊበት። ቀኑንም እንደዚያው። ገና በፈረንጅ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሪ።

የከተማ ኮዶቹንም እዪ። ባሕር ዳር ቢ ጄ አር ነው፣ ጎንደር ጂ ዲ ኪው፣ ላሊበላ ኤል ኤል አይ። ስልክ ላይ ሲነካ አንዱ ለሌላው ይመረጣል።

ቀጥታ በረራን በተመለከተ፦ ሰሌዳው በየወቅቱ ይቀያየራል። ስለዚህ ማንም «አለ» ወይም «የለም» ቢልሽ በዚያ አትወስኚ። የምትሄጂበትን ትክክለኛ ቀን አስገብተሽ እዪ፣ ከዚያ አንድ ቀን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አድርገሽ እዪ። የገና ሰሞን ላሊበላ ቶሎ ይሞላል። ከወሰንሽ ዛሬ ከነገ ይሻላል።

የካርታ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:25

ቲኬት ቤት የነገረሽ ላይ ልጨምር። አሁን ርቀቱን እንርሳውና ከቤትሽ በር እስከ ላሊበላ ሆቴል በር እንቁጠር፤ መወሰን ያለብሽ በዚያ ነው።

በአዲስ አበባ ከሆነ፦ ከሽምብጥ ማረፊያው አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያዢለት። በረራው ከመነሳቱ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ መድረስ አለብሽ። እስከ ቦሌ በቲኬቱ አንድ ሰዓት አካባቢ። ቦሌ ላይ መጠበቅ፣ ይሄ ነው የሚለያየው፤ ከሰዓት ተኩል እስከ ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ከዚያ ላሊበላ ሌላ አንድ ሰዓት። ሻንጣ፣ ሚኒባስ፣ አቀበት አንድ ሰዓት ተኩል። ቢያጥር ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ከሾፌሩ መኪና አይፈጥንም። ልዩነቱ እናትሽ በተከታታይ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው። መኪናው ውስጥ ሰባቱንም ሰዓት መንገዱ ያንገጫግጫታል። በአውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ከአንድ አንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ በመሃል ትንቀሳቀሳለች።

ቀጥታ ከተገኘ ግን ወሬ አያስፈልገውም፣ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከበር እስከ በር። ከዚያ ውስጥ በአየር ላይ ያለው ግማሽ ሰዓቱ ብቻ ነው።

ሾፌሩ_ከወረታ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:10

እሽ፣ ስሌቱን አየሁት። እማማ በአውሮፕላን ይሂዱ። አንድ ነገር ግን ስሙኝ። ሻንጣና ስንቅ፣ በርጩማም ጭምር፣ በመኪና የሚሄድ ዘመድ ካለ በእሱ ላኩት። እናንተ እጃችሁን ይዛችሁ ብረሩ። ቦሌ ላይ ከእናት ጋር ሻንጣ መጎተት ነው ሰውን የሚገድለው።

የሽምብጧ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ወንድሜ፣ በርጩማውን ያክስቴ ልጅ በመኪና ይዞት ሊሄድ ነው። እንኳን ነገርከኝ።

ዛሬ ቀናቱን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሲሄዱ ቀጥታ አልተገኘም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ነው፣ ግን በአንድ ቀን አልጨርሰውም። ገርጂ አክስቴ ጋ አድረን በማግስቱ ጠዋት ላሊበላ እንበራለን። እናቴም ከእህቷ ጋር ሌሊቱን ስታወራ ታድራለች፣ የወፉንም ነገር ትረሳዋለች። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ማረፊያው ውስጥ ረጅም መንገድ መራመድ አትችልም። ዊልቸር የሚሰጡት እዚያ ስንደርስ ነው ወይስ አስቀድሞ ይነገራል? ስሟስ? መታወቂያዋ ላይ «አያልነሽ» ተብሎ በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ ቲኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ላስጽፈው?

ቲኬት_ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ዊልቸሩን ቲኬት ስትቆርጪ አስቀድመሽ አስመዝግቢ፣ ለሁለቱም በረራ፣ ለመመለሻውም። ሲመዘገብ «ደረጃ መውጣት ትችላለች ወይስ አትችልም?» ይሉሻል። እዚህ ላይ አትፈሪ፣ አትችልም ከሆነ አትችልም በዪ። አውሮፕላኑ ጋ የሚያወጣት ሰው የሚመደበው በዚያ መልስ ነው። በበረራው ቀን ደግሞ ከመደበኛው ሰዓት ቀደም ብለሽ ድረሽ።

ስሙን ባየሽው ቁጥር አትቀያይሪው። ፋይዳ ካላት በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ከእሱ ላይ ቅጂ፣ ፊደል በፊደል። የአባቷንም፣ የአያቷንም። ከሌላት መታወቂያዋን ይዘሽ ቢሮ ሂጂና እያዩት ይጻፉልሽ። የክርስትና ስሟን ወይም ቤት የምትጠራበትን እንዳታስጽፊ።

የሽምብጧ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:52

ፋይዳ አላት። ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። የመመለሻውን ቀጥታ ካገኘሁ በየትኛው መስኮት ላስቀምጣት?

የካርታ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:58

ከላሊበላ ስትመለሱ ጉና በግራ፣ ደብረ ታቦር በቀኝ ይሆናል። ወደ ባሕር ዳር ስትቃረቡ ሐይቁ በቀኝ በኩል ነው የሚከፈተው። ቀኝ አስቀምጫት። የክንፉ ሥር እንዳይሆን።